የምድር ትል በቀንድ አውጣ ማኖሪያ ውስጥ
(በእንግሊዝ አገር ለሚኖሩ ወላጆችና ልጆች የተደረገ ንግግር)

ክቡራትና ክቡራን ወላጆች፣ ውድ ልጆች፤

ዛሬ እንድናገርበት የተጋበዝኩት ጉዳይ የመጣው ከእናንተው ቤት ነው። በዚህ አገር ትልቁን የአፍሪካ የየብስ ቀንድ አውጣ በክፍል ውስጥ የሚያሳድጉ ትምህርት ቤቶች ስላሉ፣ ትምህርት ሲዘጋ አንዳንድ ልጆቻችን ቀንድ አውጣ በሳጥን ይዘው ወደ ቤት ይመጣሉ፤ ብዙዎቹም እዚያው ይቀራሉ። ጥቂት ወራት አለፍ ሲል ደግሞ ወላጆች ዘንድ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሣል፦ አፈሩ መሽተት ጀምሯል፣ በየሳምንቱ መለወጥ አድካሚ ነው፣ የምድር ትል ብንጨምርበት ያጸዳልን ይሆን?

መልሴ አዎ ነው፤ ሆኖም ቀጥሎ የምናገረው ሁሉ ይህን አዎ በሚገባ ለማብራራት ነው። ትሉ የሚያጸዳልን በእጃችን ልንደርስበት የማንችለውን የአፈሩን ውስጥ ነው እንጂ፣ ማጽዳት የሰለቸንን የሳጥኑን ግድግዳና የመመገቢያውን ሳህን አይደለም። ይህን ልዩነት ሳይረዳ ትል የሚጨምር ሰው በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት የተቸገሩ እንስሳት ይኖሩታል፤ የተረዳ ሰው ግን ለወራት ሽታ የሌለው፣ ሕይወት ያለው አፈር ያገኛል።

በመጀመሪያ ስለ ቀንድ አውጣው ጥቂት ልበል። በቤታችን በብዛት የሚገኘው ሊሳካቲና ፉሊካ የተባለው ዝርያ ነው፤ የትውልድ ስፍራው የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሲሆን በተለይም ኬንያንና ታንዛኒያን ያካትታል። እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ዛጎል ሊኖረው ይችላል፣ በመልካም አያያዝ ከአምስት ዓመት በላይ ይኖራል፣ በቤት ውስጥም ከ21 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከፍተኛ እርጥበት ይፈልጋል። ቀን ቀን በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ይተኛል፣ ማታ ወጥቶ ይበላል፣ እንቁላሉንም በአፈር ውስጥ ይጥላል። እንግዲህ አፈሩ ለእርሱ አልጋው፣ መጠለያውና የልጆቹ መፈልፈያ ነው። አፈሩ ሲበላሽ እንስሳው ቀን ከሌሊት ከተበላሸው ነገር ጋር ገላው ተነካክቶ ይኖራል፤ የቀንድ አውጣ ገላ ደግሞ እንደ እኛ ደረቅ ቆዳ የለበሰ ሳይሆን ርጥብና ያገኘውን ሁሉ በቀላሉ የሚያሳልፍ ነው።

አፈሩ የሚሸተው ለምንድን ነው? ቀንድ አውጣው የኪያርና የሰላጣ ፍርፋሪ በገላው ጎትቶ ወደ አፈር ይቀብራል፤ ኩሱን በተኛበት ይጥላል፤ በላዩም ዝልግልግ ፈሳሹን ያለብስበታል። እኛ በበኩላችን እርጥበት እንዲኖረው ብለን በየቀኑ ውኃ እንረጫለን። በዚህ መካከል አፈሩ ይጠቀጠቅና አየር ወደ ታች መድረስ ያቆማል፤ አየር በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችም ይበዛሉ። ያ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ የእነርሱ ሥራ ነው። ላይኛውን አፈር ብቻ በማንኪያ እየጠረጉ የሚጥሉ ሰዎች ለምን ሽታው እንደማይለቃቸው ከዚህ ይታያል፤ ችግሩ ያለው ከታች ከአምስትና ከስድስት ሳንቲ ሜትር በኋላ ነው።

ትሉ ሥራውን የሚጀምረው እዚያ ነው። የምድር ትል ጥርስ የለውም። የላላና መበስበስ የጀመረ ነገር ከአፈር ጋር አብሮ ይውጣል፤ በዶሮ ሆድ ውስጥ እንዳለው ዓይነት ጡንቻማ ክፍል ስላለው፣ ከአፈሩ ጋር በዋጠው አሸዋና ደቃቅ ጠጠር ምግቡን ይፈጨዋል። በአንጀቱ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የቀረውን ያብላሉታል፣ ከኋላውም ሽታ የሌለው፣ ፍርክስክስ ያለ ኩስ ይወጣል። አገር ቤት ገበሬዎቻችን ቨርሚኮምፖስት ብለው የሚያዘጋጁት የትል ማዳበሪያ ይኸው ነው፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ይሁን እንጂ በቀንድ አውጣ ሳጥን ውስጥ ከመብላቱ ይልቅ የሚጠቅመን መንቀሳቀሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ትሉ በሄደበት ሁሉ ቀዳዳ ይተዋል፤ በዚያ ቀዳዳ አየር ይገባል፣ ውኃ ይወርዳል፤ አየር ጠል የሆኑት ባክቴሪያዎችም ስፍራ ያጣሉ። በመስታወት ሳጥን የሚያሳድግ ሰው በጎን በኩል ቢመለከት እነዚህን መንገዶች በዓይኑ ሊያያቸው ይችላል።

ትልን በቤት ውስጥ አስቀምጦ ጠባዩን በማጥናት ስሙ የገነነው እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ ያን ጊዜ በኬንት ግዛት በነበረችው ዳውን በተባለች መንደር የኖረው ቻርልስ ዳርዊን ነው። ስለ ትሎች በለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር ፊት የተናገረው እ.ኤ.አ. በ1837 ሲሆን፣ ጥናቱን ጨርሶ በመጽሐፍ ያወጣው ከ44 ዓመት በኋላ፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው በ1881 ነበር። በጥናት ክፍሉ ውስጥ አፈር የሞሉ ማሰሮዎች አኑሮ ትሎቹ ምን እንደሚመርጡ በሌሊት ይመለከት ነበር፤ ካሮትን አብዝተው እንደሚወዱም ጽፏል። ልጆች፣ ቀንድ አውጣችሁ ካሮት ሲበላ ፍርፋሪው ለማን እንደሚተርፍ አሁን ታውቃላችሁ። በእንግሊዝ አገር ብዙ ስፍራዎች በአንድ ኤከር መሬት ላይ በዓመት ከ10 ቶን በላይ አፈር በትሎች ሆድ ውስጥ እንደሚያልፍም አስልቷል። ይህ ቁጥር ግን በእኛ ሳጥን ሊያሳስተን አይገባም። በዚያ መስክ ላይ እጅግ ብዙ ትሎች አሉ፣ ዝናብ አለ፣ የሚበላውም ነገር በሰፊው ተበትኗል። በ60 ሳንቲ ሜትር ሳጥን ውስጥ አንድ ሙሉ ኪያር ረስተን ብንሄድ፣ አሥር ትሎች በሁለት ቀን ሊጨርሱልን አይችሉም፤ ኪያሩ ይሻግታል፣ ይሞቃል፣ ትሎቹም ከእርሱ ይሸሻሉ።

የትኛው ትል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ እኔም የተማርኩት ትሎችን ገድዬ ስለ ሆነ ከልብ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ከጓሮዬ ስምንት ትልልቅ ትሎችን ለቅሜ በ25 ዲግሪ ሙቀት ወደሚጠበቀው ሳጥን አስገባሁ። በአምስተኛው ቀን አፈሩ ከቀድሞው ይልቅ ይሸት ጀመር፤ ስቆፍረው ሁሉም ከታች ተሰብስበው ሞተው አገኘኋቸው። ለማጽዳት ያመጣኋቸው ፍጥረታት ራሳቸው ብስባሽ ሆነው ነበር። ያን ጊዜ ያላወቅሁት ነገር ይህ ነው፦ የምድር ትሎች በአኗኗራቸው በሦስት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ከቅጠል በታች በመሬቱ ገጽ ላይ ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹ በላይኛው አፈር ውስጥ ወደ ጎን እየቆፈሩ አፈሩን ራሱን ይበላሉ፤ ሦስተኛዎቹ ደግሞ ቀጥ ያለ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ማታ ማታ ቅጠል ሊጎትቱ ወደ ላይ ይወጣሉ። እኔ ከጓሮ የለቀምኩት ሉምብሪከስ ቴሬስትሪስ የተባለው ከሦስተኛው ወገን ሲሆን፣ የሚስማማው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያለው ቀዝቃዛና ጥልቅ አፈር ነው። በሞቀና በጠባብ ሳጥን ማኖር እርሱን ማሠቃየት ነው።

ለቀንድ አውጣ ሙቀት የሚስማሙት የገጹ ነዋሪዎች ናቸው። በዚህ አገር በዓሣ ማጥመጃ ዕቃ መሸጫዎችና በኮምፖስት አቅራቢዎች ዘንድ ዴንድሮቤና በሚል ስም የሚሸጠው ትል እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ይኖራል፣ አፈር ውስጥም በደንብ ይገባል፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የምመርጠው እርሱን ነው። ሌላው አይሴኒያ ፌቲዳ የተባለው፣ በአገራችን ለቨርሚኮምፖስት የሚውለው ቀይ ትል ነው። ይህም ሙቀቱን ይችላል፤ ነገር ግን የሚወደው የፍግና የወፍራም ብስባሽ ክምር ስለ ሆነ በተራ አፈር ውስጥ ይጎሳቆላል፣ ሲጨነቅም ከገላው ቢጫ፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ያወጣል፤ የላቲን ስሙም የተሰጠው በዚሁ ሽታ ምክንያት ነው። በጠባብ ስፍራ ከርጥብ ገላ እንስሳ ጋር ይህን ፈሳሽ ማቀራረብ አልወድም።

ከጓሮ መልቀምን የምቃወመው ስለ ዝርያው ብቻ አይደለም። በዚህ አገር አትክልተኞች ቀንድ አውጣና ዛጎል አልባ ዘመዱን ለማጥፋት የሚጠቀሙባቸው ነገሮች በአፈር ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ። ሜታልዲሃይድ የተባለው መርዝ በታላቋ ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከቤት ውጭ እንዳይውል ተከልክሏል፤ ነገር ግን ዛጎል አልባዎቹን ገላቸው ውስጥ ገብተው የሚገድሉ ጥቃቅን ክር መሰል ትሎች እስከ ዛሬ ለአትክልተኞች ይሸጣሉ። ጓሮው የማን እንደ ነበረ፣ ምን እንደ ተረጨበት የማያውቅ ሰው ከዚያ የወጣ ትልና አፈር ወደ ቀንድ አውጣው ቤት ባያስገባ ይሻላል። የተገዛውንም ትል እኔ ሦስት ሳምንት በሌላ ሳጥን፣ በንጹሕ አፈር ውስጥ አቆየዋለሁ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከሻጩ ቤት የዋጠውን ሁሉ ያወጣል፣ ነጫጭ ጥቃቅን ተባዮች ካሉበትም ይታያሉ።

አፈሩን በተመለከተ ሁለቱ እንስሳት የሚፈልጉት ነገር ደስ በሚያሰኝ ሁኔታ ይገጣጠማል። ከረግረግ መሬት የሚወጣውና ፒት የሚባለው ጥቁር አፈር አሲዳማ ነው፤ የቀንድ አውጣውን ዛጎል ይበላል፣ ለትሉም አይስማማም። የኮኮናት ቃጫ ብቻውን ደግሞ ንጹሕና ለስላሳ ቢሆንም ትሉን የሚመግብ ነገር የለውም፤ ብዙ ሰዎች ትሎቻቸው ቀጥነው የሚጠፉባቸው ከዚህ የተነሣ ነው። እኔ ማዳበሪያ ያልተጨመረበት የላይኛ አፈርና የኮኮናት ቃጫ እኩል አቀላቅዬ፣ ከመንገድ ርቆ ከቆመ ዛፍ ሥር የተለቀመ ደረቅ የኦክ ወይም የቢች ቅጠል በላዩ እበትናለሁ። ውፍረቱ ለአዋቂ ቀንድ አውጣ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መልካም ነው።

የአፈሩን አሲድ የሚያለዝበው ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም በኖራ ድንጋይና በእንቁላል ቅርፊት ውስጥ ያለው ነገር ነው። ስለ ኖራ ግን አደራ ማለት ይገባኛል። አገር ቤት በደጋማ ቦታዎች አሲዳማ ማሳን ለማከም የሚበተነው የግብርና ኖራ ከተፈጨ ድንጋይ የተገኘ ነው፤ ያ ዓይነቱ እዚህም በአትክልት መሸጫ ይገኛል፣ በጥቂቱ ቢጨመር አይጎዳም። ለግድግዳ መቀቢያ የሚሆነው የተቃጠለ ኖራ ግን የሁለቱንም እንስሳት ርጥብ ቆዳ ያቃጥላል፤ በአማርኛ ሁለቱንም ኖራ ብለን ስለምንጠራቸው ግዢ የላካችሁት ሰው እንዳይሳሳት በግልጽ ንገሩት። ለዛጎሉ ማጠንከሪያ ካትልፊሽ የተባለው የባሕር እንስሳ አጥንት ወይም ታጥቦ የደረቀና የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት ዘወትር በሳጥኑ ውስጥ ይኑር፤ ከዚያ የረገፈውን ዱቄት ትሉም ይጠቀምበታል።

ሳጥኑን ስለማጠብም አንድ የአገራችን ታሪክ ላንሣ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች ልብስ በእንዶድ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመለከቱ፤ ከዚያም ተነሥተው እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን የውኃ ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አረጋገጡ። ያ ግኝት ለሕዝባችን ጤና ትልቅ ነገር ነበር፤ እኛም ዛሬ በሌላ መንገድ ልንማርበት እንችላለን። የተፈጥሮ ስለ ሆነ ብቻ ሁሉም ማጠቢያ ለቀንድ አውጣ ደግ አይደለም። ሳጥኑን በሙቅ ውኃና በንጹሕ ጨርቅ ብቻ እጠቡ፤ ከአገር ቤት የመጣ እንዶድም ይሁን የሱቅ ሳሙና አይቅረበው። ጨውና መዳብ ሁለቱንም እንስሳት ይገድላሉ፤ ሳንቲምም ሆነ የመዳብ ሽቦ በሳጥኑ ውስጥ አይኑር።

ሙቀቱን የምትሰጡበት አቅጣጫ ብዙዎች የማያስቡት ነገር ነው። የሙቀት ምንጣፍ ከሳጥኑ ሥር የሚያነጥፍ ሰው ትሉን ወጥመድ ውስጥ ያስገባዋል፤ ምክንያቱም ትል ሲሞቀውና ሲደርቅበት ወደ ታች መውረድ ተፈጥሮው ነው፣ ከታች ደግሞ የሚያገኘው እሳቱን ነው። ምንጣፉ በጀርባ ወይም በጎን፣ ከአፈሩ ከፍታ በላይ ይለጠፍ፣ ቴርሞስታት የተባለው የሙቀት መቆጣጠሪያም ይኑረው። እንዲህ ሲሆን ቀንድ አውጣው ወደ ሞቀው ግድግዳ ይወጣል፣ ትሉ በቀዘቀዘው ሥር ይቆያል፤ ሁለቱም የየራሳቸውን አየር ያገኛሉ። እርጥበቱን ለመለካት አፈሩን በእጃችሁ ጨብጡ፤ ተያይዞ ከቆየና አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልክ ነው። ከዚያ በላይ ውኃ ካንጠባጠበ ትሉ የሚተነፍሰው በቆዳው ስለ ሆነ አየር ያጥረዋል፣ ሌሊቱንም በመስታወቱ ላይ ወጥቶ ክዳኑ ሥር ታገኙታላችሁ። ያ ትል ሊነግራችሁ የፈለገው ነገር አለ። በክዳኑ ላይ ትል ያየ ወላጅ ወደ ታች መልሶ ከመጨመሩ በፊት አፈሩን ቆፍሮ ያሽት፤ ቀንድ አውጣው ምግብ ማቆም ሲጀምር ከምናየው ቀን ቀደም ብሎ ትሉ አስጠንቅቆናል ማለት ነው።

ቁጥራቸውን በተመለከተ ለአንድ ወይም ለሁለት አዋቂ ቀንድ አውጣ በ60 ሳንቲ ሜትር ሳጥን እኔ የምጀምረው በአሥር ትል ነው። ምግብና ስፍራ ሲኖር ይዋለዳሉ፣ ሲጎድል ያቆማሉ፤ ስለዚህ መጨመርም ሆነ መቀነስ አያሻም። ከቀንድ አውጣው ሁለት ሳምንት ቀድመው ቢገቡ መንገዳቸውን ሠርተው ይቆዩታል።

ልጆች ዘወትር የሚጠይቁኝ ትሉ ቀንድ አውጣውን ይበላው እንደ ሆነ ነው። አይበላውም፤ ከፍ ብዬ እንዳልኩት ጥርስ የለውም፣ ሕያው ሥጋም አይነካም። ትል አድኖ የሚበላ ቀንድ አውጣ ግን በዓለም አለ፤ በኒው ዚላንድ የሚኖረው ፓወሊፋንታ አንዱ ነው፤ የእኛው ዓይነት ግን ቅጠልና አትክልት በሊታ ነው። ጥንቃቄ የምመክረው ለጫጩቶቹ ነው። ገና የተፈለፈለ ቀንድ አውጣ ዛጎሉ እንደ ወረቀት ስስ ስለ ሆነና በአፈር ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ፣ ትል በሌለበት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ለብቻው ይደግ። የታመመ ወይም ዛጎሉ የተሰነጠቀ ቀንድ አውጣም እስኪድን ድረስ ከአፈር ወጥቶ በርጥብ ወረቀት ላይ ይቆይ።

ሻጋታ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ከትሉ ጋር ስፕሪንግቴይል የተባሉትን ነጫጭ፣ ዘላይ፣ የአሸዋ ቅንጣት የሚያህሉ ፍጥረታት ቢጨምሩ እደግፋለሁ፤ በገጹ ላይ ያለውን ሻጋታ ይበላሉና የትሉን ሥራ ያሟሉታል። የቀረው የእኛ ድርሻ ነው፦ የተረፈውን ምግብ በየጠዋቱ ማንሣት፣ ግድግዳውን በየሳምንቱ መወልወል፣ በየጥቂት ወሩም ከአፈሩ ሲሶውን በአዲስ መተካት። ትሉ ብስባሹን ወደ ኩስ ይለውጠዋል እንጂ ከሳጥኑ አያወጣውም፤ የሚያወጣው እጃችን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ በተለይ ልጆች ይህን ሳያደርጉ ምግብ አይንኩ።

አሁን ወደ እንቁላሉ ልመለስ፤ በዚህ ጉዳይ ትል ሥራችንን ያከብደዋል። ይህ ቀንድ አውጣ በአንድ ጊዜ ሁለት መቶ ያህል እንቁላል ሊጥል ይችላል፤ ትሎቹ ሲመላለሱ አፈሩ ይናጋና የተጠቀለለው የእንቁላል ክምር ሊበታተን ይችላል። በየሁለት ሳምንቱ አፈሩን በጣታችሁ ፈትሹ። የቀንድ አውጣው እንቁላል ክብ፣ ወተትማ ቢጫና አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የትሉ የእንቁላል ከረጢት ደግሞ ያነሰ፣ ቡናማና በሁለት ጫፉ እንደ ሎሚ የሾለ ነው። የመጀመሪያውን ታነሡታላችሁ፣ ሁለተኛውን ትተዉታላችሁ።

እንቁላሉን ማንሣት ለምን እንደሚያስፈልግ ይህ ታሪክ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ልጅ ከሃዋይ ሦስት ቀንድ አውጣዎች ወደ ማያሚ አመጣ፤ አያቱም በጓሮ ለቀቋቸው። ከሰባት ዓመት በኋላ ከ18,000 በላይ ተገኙ፤ እነርሱን ለማጥፋትም ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣ። በአሜሪካ ይህን እንስሳ ያለ ፈቃድ ማኖር ዛሬም የተከለከለ ስለ ሆነ፣ በዚያ ላሉ ዘመዶቻችን ልጆች እንቁላሉን በስጦታ እንዳትልኩ አደራ እላለሁ። በዚህ አገር ማኖሩ ተፈቅዷል፣ ወደ ተፈጥሮ መልቀቁ ግን እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው የዱር እንስሳትና የገጠር ሕግ ወንጀል ነው።

ስለዚህ ከሳጥኑ የምታወጡትን ሲሶ አፈር እንዲህ አድርጉ። በነጭ ሳህን ላይ ዘርግታችሁ በመብራት ሥር አቆዩት፤ ትሎቹ ብርሃን ስለሚጠሉ ወደ ክምሩ ሥር ይሰበሰባሉ፣ እዚያም ታገኟቸዋላችሁ። እነርሱን ለቅማችሁ ወደ ሳጥኑ መልሷቸው። የቀረውን አፈርና ያገኛችሁትን የቀንድ አውጣ እንቁላል በከረጢት ቋጥራችሁ ለሁለት ቀን በማቀዝቀዣው የበረዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት፤ ከዚያ በኋላ አፈሩን በማሰሮ ለተተከለ አበባ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።